ለመኪናችሁ የአይሪሽኛ ቅጽል ስም አወጣጥ

አየርላንድ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ አይሪሽኛ ገዝቷል። ታርጋውን እዩት። ከቁጥሮቹ በላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የካውንቲው ስም ነው፣ በአይሪሽኛ። የደብሊን መኪና «ባልየ አሃ ክሊአ» ይላል። የኮርክ «ኮርኪ» ይላል። የእኛ የጎልዌይ ደግሞ «ጋሊቭ»። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚያደርጉት ታርጋ ላይ የፈለጉትን ስም ማስጻፍ ግን እዚህ የለም። ስለዚህ መኪናዬ ስም ይኑራት ያለ ሰው በአፉ ነው የሚጠራት፤ ቢበዛ የኋላ መስታወት ላይ ይለጥፋል።

እኔ የምኖረው ጎልዌይ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። አንዱን አልብሼ ቁርስ አብልቼ ወደ ሌላው እነዳለሁ። ከባርና እስከ ካራሮ የሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ዳር ዳሩን «ጌልተኽት» ነው፣ አይሪሽኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች የሚኖሩበት አገር። ልጄ ደግሞ የምትማረው ሁሉም ትምህርት በአይሪሽኛ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ነው። እና ቋንቋው ከቤትም ከሥራም መጣብኝ። መኪናዬ የ2009 ቶዮታ ያሪስ ናት፣ ግራጫ። ስም አላት፤ እደርስበታለሁ። ሐበሻ ወዳጆቼ መኪና በገዙ ቁጥር «ነይ ስም አውጪልን» ይሉኛል። በየስልኩ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አትተርጉሙ

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ስም ያስባል፣ ስልኩ ላይ ያለው መተርጎሚያ ውስጥ ይከተዋል፣ የወጣውን ይለጥፋል። አንድ ወዳጄ መኪናውን «አባ ዳኘው» ሊላት ፈልጎ ነበር፣ ግን በአይሪሽኛ። ሐሳቡ ገብቶኛል። እኛ የፈረስ ስም ያለን ሰዎች ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ስሙም ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ነው። ታጠቅ! ዳኘው! ፎከራው ስሙ ውስጥ አለ።

አይሪሾችም በፈረስ አይታሙም። የነሱ ፈረስ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሰየመው። የጥንት ተረታቸው ጀግና ኩ ኹሊን ሠረገላውን የሚጎትቱ ሁለት ፈረሶች ነበሩት። አንዱ «ሊአ ማኸ» ይባላል፣ የማኸ ግራጫ ማለት ነው። ማኸ ከፈረስ ጋር ተሽቀዳድማ የረታች የተረት ሴት ናት። ሁለተኛው «ዱቭ ሳንግለን» ነው፣ የሳንግለን ጥቁር። ቀለሙና የማን ወይም የየት እንደሆነ፣ በቃ። ፉከራ የለም። ያ ግራጫው ጌታው ሊሞት ሲል ደም አለቀሰ ይባላል፤ ስሙ ግን ያው ግራጫ ነው።

ዘመናዊው ነገራቸውም ከዚሁ አይርቅም። ኤር ሊንገስ በ1936 የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ አውሮፕላኑ «ኢለር» ይባል ነበር፣ ንስር። ዛሬም አውሮፕላኖቹ የአይሪሽ ቅዱሳንን ስም ተሸክመው ነው የሚበሩት። የባሕር ኃይሉ መርከቦች ከ1940ዎቹ ጀምሮ ማኸ፣ ጄርድረ፣ ኢፈ እየተባሉ በተረት ሴቶች ሲሰየሙ ኖረው በ2014 ወደ ደራሲዎች ዞሩ። ደብሊን ውስጥ ከ2004 ጀምሮ የሚሄደው ባቡር «ሉአስ» ነው፣ ፍጥነት። እንስሳ፣ ቅዱስ፣ የተረት ሴት፣ ወይም አንድ አጭር ቃል። ረጅም ዓረፍተ ነገር የለም፣ ትእዛዝ የለም። «ዳኘው» ተተርጉሞ ቢለጠፍ ኮናማራ ውስጥ፣ ከጎልዌይ በስተምዕራብ ባለው አገር፣ ያሉ ሽማግሌ ምን እንዳዘዛቸው ነው የሚጠይቁት።

ስለዚህ ስልኩን አስቀምጡና ውጭ ወጥታችሁ መኪናዋን እዩአት።

መኪናዋን እዩአት

«መኪናዋን» ያልኩት በልማድ ብቻ አይደለም። በአይሪሽኛም መኪና «እሷ» ናት። የሚገርመው ቃሉ ራሱ፣ «ካር»፣ በሰዋስው ወንድ ነው። ሲያወሩላት ግን ሴት ናት። «እስ ጃስ አ ካር ኢ» ይላሉ፣ መኪናዋ ቆንጆ ናት። ጀልባም እንዲሁ። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ምንም አይቸገርም።

ታዲያ ምን ትመስላለች? ትልቅ ናት ትንሽ? ሲነሳ ሞተሯ ያጉረመርማል ወይስ ያስላል? ጠዋት ብርድ ላይ ምን ትሆናለች? መልሱ አንድ እንስሳ ያመጣል። አይሪሽኛ ደግሞ በእንስሳ ስም ሀብታም ነው።

ትንሽ ቀይ መኪና ካላችሁ ከ«ቦይኝ ጄ» የሚበልጥ አላውቅም። ያቺ ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ናት። ስሟ ቃል በቃል የእግዜር ትንሽ ላም ማለት ነው። ልጆች ወዲያው ይወዱታል፣ አሮጊቶችም ፈገግ ይላሉ።

የፎልስዋገን ጥንዚዛ ያለው ሰው ብዙ አይድከም፣ «ኪሮግ» ይበላት። ኪሮግ ጥንዚዛ ነው፤ ተረትም አለው። «አህኒን ኪሮግ ኪሮግ ኤለ» ይላሉ፣ ጥንዚዛ ጥንዚዛን ያውቃል። ሁለት ተመሳሳይ ሰዎች ሲግባቡ የሚባል ነው፣ ብዙ ጊዜ ለበጎ አይደለም። ተመሳሳይ መኪና መንገድ ላይ ስታገኙ ግን ልክ ቦታው ነው። እዚህ ገጠር ውስጥ ሹፌር ከሹፌር ሲተላለፍ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ያነሳል፣ ሰላምታ ነው። ጣታችሁን አንሡና ተረቱን በሉት።

ትንሽ ሆና ሽቅብ የምትበርርላችሁ ከሆነ «ድሮሊኝ» አለ፣ በጣም ትንሽ ወፍ ናት። ወፎች ማን ከፍ ብሎ ይበርራል ብለው ሲወዳደሩ ንስር ላባ ውስጥ ተደብቃ ሄደች። ንስሩ ሲደክመው ከላዩ ተነሥታ በለጠችውና ነገሠች። ትልቅ ጂፕ አውራ ጎዳና ላይ የምታልፍ የ1.0 ሊትር መኪና ካለቻችሁ ስሟ ይሄ ነው።

ዝገት ለጀማመራት መኪና «ማድረ ሩአ»፣ ቀበሮ። ቃል በቃል ቀይ ውሻ ማለት ነው። ጥቁር መኪና «ፕሬኻን» ትሁን፣ ቁራ። ለዝግተኛዋ «ሼሊጀ» አለ፣ ቀንድ አውጣ። ነጭ መኪና «አለ» ናት፣ ስዋን የሚሉት ረጅም አንገት ያለው ነጭ የውኃ ወፍ። የሊር ልጆች በእንጀራ እናታቸው ተረግመው 900 ዓመት ይሄንን ወፍ ሆነው ኖሩ፣ በየቦታው ሦስት ሦስት መቶ ዓመት። ስለዚህ ዕድሜ ለጠገበች ነጭ መኪናም ይሄዳል።

ለሥራ ቫን የእንስሳ ስም ባትሰጡ ይሻላል። «ስፓልፒኝ» በሏት። ድሮ ከአገር አገር እየዞረ በቀን ሒሳብ ድንች የሚቆፍርና አጨዳ የሚያጭድ ሰው ነበር። ቀለም ቀቢ፣ አናጢ፣ ዕቃ አድራሽ የሆናችሁ ስሙን ስትሰሙ ይገባችኋል። ለኤሌክትሪክ መኪና «ስፕላንክ»፣ ብልጭታ። ለአሮጊቷ፣ ግን በጣም ለከበረችው አሮጊት፣ «ካልየኽ»። በተረታቸው ተራራውንና ድንጋዩን የሠራችው የጥንት አሮጊት ናት። ለባለቤቱ እናት መኪና ግን ይሄን ስም አታውጡ፤ ጠንቋይ አሮጊት ማለትም ነው።

«አሰል» የሚለውን የምጽፈው እየተጠነቀቅሁ ነው። አህያ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስድብ ነው፣ እነሱም ሰውን ሲሉበት ስድብ ነው። ከማያቸው ሰዎች አንዱ፣ ዘጠና የሚጠጉ ሽማግሌ፣ ልጅ ሳሉ ማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር ከጉድጓዱ እስከ ቤት በአህያ ያመላልሱ ነበር። በግራና በቀኝ ቅርጫት ተንጠልጥሎ። ምድጃቸው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ሻዩ እየበረደ፣ የዚያችን አህያ ነገር ሲያወሩ ከወንድሞቻቸው ይልቅ እሷ የናፈቀቻቸው ይመስላል። መንደር ውስጥ አንድ ጎረቤታቸው ትራክተሩን «አሰል» ብሎ ሲጠራ ሰምተው አልሳቁም። «ሥራዋን ካየሁ በኋላ» አሉ። ስለዚህ ስሙን ለሚሠራ መኪና ስጡት። ቆማ ለምትውል አይገባም።

ቀለም ላይ ቀስ በሉ

የአይሪሽኛ ቀለም ከኛ ጋር አንድ ለአንድ አይገጥምም። ቀይ ሁለት ነው። የፋብሪካ ቀለም የተቀባ ቀይ መኪና «ጃረግ» ነው። የቀበሮ፣ የዝገት፣ የቀይ ፀጉር ቀይ ደግሞ «ሩአ»። አረንጓዴም ሁለት ነው። ሣርና ቅጠል «ግላስ» ናቸው፣ ቀለም የተቀባ ነገር «ኡአኘ» ነው። ግላስ ደግሞ አንዳንዴ ግራጫ ይሆናል፣ የደመናማ ቀን ባሕር ዓይነት ግራጫ። ኮናማራ አንድ ክረምት የነዳ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ብርማ መኪና ያላችሁ «አሪጌድ» አትበሉ። ብር ነው፣ ልክ እንደ አማርኛው ገንዘብም ነው። የባንኩ ዕዳ ሳያልቅ መኪናን ገንዘብ ብሎ መጥራት ደስ አይልም። «ሊአ» በሉት፣ ግራጫ። ከኩ ኹሊን ፈረስ ጋር ያዛምዳችኋል።

ሰማያዊ «ጎረም» ነው። ጎረምሳ ጎረምሳ ይሸታል፣ ለወጣት መኪና ደግ ነው። ግን አንድ ነገር እወቁ። በአይሪሽኛ ጥቁር ሰው «ፋር ጎረም» ነው የሚባለው፣ ሰማያዊ ሰው። «ፋር ዱቭ»፣ ጥቁር ሰው፣ ካላችሁ የድሮ ሰው የሚሰማው ሰይጣንን ነው። እኔ እዚህ መንገድ ላይ ሰማያዊ ሴት ነኝ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሐኪማቸው በስልክ ሲያወሩ እንደዚያ ብለው ጠርተውኛል፣ በፍጹም ክፋት የለበትም። ከዚያ በኋላ ሰማያዊ መኪና ለሚገዛ ሐበሻ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ቀለሙን ከእንስሳ ጋር አያይዙት፣ «ካፐል ጎረም»፣ ሰማያዊ ፈረስ። ለብቻው «ጎረም» ካላችኋት ስለ መኪናዋ ይሁን ስለ ሹፌሯ አይለይም።

አነባበቡ ከሚያስፈራው ይቀላል

አይሪሽኛ ሲጻፍ ያስደነግጣል። ግማሹ ፊደል የማይነበብ ይመስላል። እንግሊዞች ራሳቸው ይሸሹታል። እኛ ግን አንድ ነገር ቀድሞ አለን።

አማርኛ ሴት ስናዝ ምን እናደርጋለን? ውሰድ፣ ውሰጂ። ክፈት፣ ክፈቺ። ድረስ፣ ድረሺ። ለምን፣ ለምኚ። ደ ጀ ሆነ፣ ተ ቸ ሆነ፣ ሰ ሸ ሆነ፣ ነ ኘ ሆነ። የመጨረሻዋ ኢ ናት ያለሰለሰችው። አይሪሽኛም ይህንኑ ያደርጋል። ከተነባቢው አጠገብ የኢ ወይም የኤ ፊደል ካለ ድምፁ ይለሰልሳል፣ የአ፣ የኦ፣ የኡ ካለ ይደነድናል። የላቲኑን «ዲ» አይታችሁ ቀጥሎ «ኢ» ካለ ጀ በሉት። «ኤስ» ከሆነ ሸ። ኮናማራና ሰሜን እንዲህ ነው የሚሉት፤ ደቡብ ኬሪ ስትሄዱ ደ ትንሽ ወደ ደነቷ ትመለሳለች። የኛ ሰው «ኘ»ን ያለምንም ትግል ያወጣታል። የስፓልፒኝንና የድሮሊኝን መጨረሻ የአየርላንድ ከተሜ እንኳ ደረቅ «ን» አድርጎት ያልፋል።

ሁለተኛው ነገር «ኤች» የሚባለው የላቲን ፊደል ነው። ከተነባቢ ኋላ ገብቶ ሲቆም ያንን ድምፅ ያላላዋል። ከ ኸ ይሆናል፣ ወሎዬ «ኸየት መጣህ» ሲል እንደምትሰሙት። በ ወ ይሆናል ወይም ቨ። ጠንካራው ደ ከጉሮሮ ይወጣል፣ ለስላሳው ደግሞ የ ይሆናል። ይሄ የጌጥ ጉዳይ አይደለም፣ ስማችሁ ውስጥ ይገባል። ምክንያቱም በአይሪሽኛ ቅጽል ከስም በኋላ ይመጣል፤ ስሙ ሴት ከሆነ ደግሞ የቅጽሉ መጀመሪያ ይላላል።

ቀይ ፈረስ «ካፐል ጃረግ» ነው፣ ፈረስ ወንድ ነውና። ቀይ ላም ግን «ቦ ያረግ»። ያው ጃረግ ነው፣ ላም ሴት ስለሆነች ላላ። ነጭ ፈረስ «ካፐል ባን»፣ ነጭዋ ወፍ «አለ ዋን»። የትኛው ቃል ሴት የትኛው ወንድ እንደሆነ ለማወቅ መጨረሻውን እዩ። በ«ኦግ» ካለቀ ሴት ነው፣ እንደ ኪሮግ። በ«ኢኝ» ካለቀ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፣ እንደ ድሮሊኝ። «ካሊኝ»፣ ልጃገረድ፣ ሳትቀር ወንድ ናት። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ልጄን ጠየቅኳት፣ «እማ፣ እንደዚያ ነው» አለችኝ።

የቀረውን መዝገበ ቃላት ይነግራችኋል። «ቻንግለን» የሚባል የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት አለ፣ በነፃ ነው። ቃሉን ስትጽፉለት ጾታውን ያሳያል። የሦስት አካባቢ ሰዎችም ብዙውን ቃል አንብበው ያሰማሉ፣ የምዕራብ፣ የደቡብና የሰሜን። የምትኖሩበትን ምረጡ። ጎልዌይ እየነዱ በኬሪ አፍ መጥራት ስሙን ጎዶሎ አያደርገውም፤ ሽማግሌዎች ግን ያርሟችኋል።

በሁለት ጆሮ ስሙት

እኔ ዘንድ ይሄ ነው ዋናው ፈተና። ስሙን ሁለት ሰው ይሰማዋል። አንዱ እዚህ ያለው ጎረቤት ነው፣ ሌላዋ በስልክ ያለች እናታችሁ ናት። በአንዱ ጆሮ ያማረ በሌላው ጉድ ሊሆን ይችላል።

«ትንሽ አህያ» ልበላት ብላችሁ «አሰል ቤግ» ትላላችሁ። ቤግ ትንሽ ነው። እናታችሁ ግን በግ ነው የምትሰማው። አህያ ናት በግ? ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት። «አለ» ደግሞ በተቃራኒው ቆንጆ ነው። «መኪናሽ አለ?» «አለ አለ።» አሮጌ መኪና ለያዘ ሰው ጥያቄው ራሱ ተገቢ ነው።

ላም «ቦ» ናት። ለሰፊ የቤተሰብ መኪና ጥሩ ስም ነው፤ መንገድ የሚለው የአይሪሽኛ ቃል ራሱ፣ «ቦሀር»፣ ከላም የመጣ ነው። ግን ስሙን ለመጥራት ስትፈልጉ፣ አንቺ ላም ሆይ ለማለት፣ ከፊቱ አ ይገባና በ ወደ ወ ይላላል። «አ ዎ!» ይሆናል። ኮረብታ ላይ ሞተሯ ሲንተፋተፍ ባለቤቴ ዳሽቦርዱን እየመታ «አዎ! አዎ!» ሲል የኋላ ወንበር ያሉ አይሪሽ ልጆች ላሟን የሚጠራ መስሏቸው ነበር። በሁለቱም ቋንቋ ልክ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። ኃይለኛ መኪና፣ በተለይ ሴት የምትነዳው፣ «ግራኘ ዌል» ብትባል ያምራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሜዮ ካውንቲ የተነሣች የባሕር ላይ አለቃ ናት፣ መርከቦች የምታዝ፣ በ1593 ከእንግሊዟ ንግሥት ከኤልሳቤጥ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ የተደራደረች። የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ግን ጮክ ብላችሁ በሉት። ግራኘ። እኛ ዘንድ በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረ ሌላ ሰው አለ፣ ስሙንም ማን በምን ስሜት እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። እናቴ ጎንደር ናት። አንዲት ጓደኛዬ መኪናዋን እንዲህ ብላ እንደሰየመች ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ከዚያ «ጠበል አስረጪባት» አለች።

የኔዋ መኪና ከዚሁ ቃል ብዙም ሳትርቅ ነው ስሟን ያገኘችው። «ግራኞግ» ትባላለች። ጃርት ናት፣ ያች ስትነካ ድብልብል የምትል ትንሽዋ። ግራጫ ናት፣ ክብ ናት፣ ውርጭ በሆነ ጠዋት አልነሣም ብላ ትኮራመታለች። የአይሪሹ ጆሮ ያንን ይሰማል። የኛ ጆሮ ደግሞ ግራ የሚለውን ይሰማል። አየርላንድ ውስጥ በግራ ነው የሚነዳው። አዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው የመጀመሪያው አደባባይ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወደ መሪው በገባሁ ቁጥር ግራኞግ ስል ግራዬን አስባለሁ። እናቴም ይሄኛውን ፈቅዳለች፣ ጃርት መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ።

ከመለጠፋችሁ በፊት

መጀመሪያ ስሙን አፋቸውን በአይሪሽኛ ለፈታ ሰው አሰሙት። መልስ እንዲሰጧችሁ አትጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ ስሙን በሉና ፊታቸውን እዩ። የሚደግሙት ከሆነ ልክ ነው። «ምን አልሽ?» ካሉ አነባበቡ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩ ስሙ ራሱ ነው። በአይሪሽኛ ለመናገር የሚያፍር ካለ እዚህ አገር ሁሉም የሚያውቀው አባባል አለ፣ «እስ ፋር ጌልገ ቭሪሽቸ ና ቤርለ ክሊሽቸ»፣ ከተራቀቀ እንግሊዝኛ የተሰበረ አይሪሽኛ ይሻላል። ይሄን ካላችሁ በኋላ ማንም አይስቅባችሁም።

ስቲከር ስታሠሩ አናባቢዎቹ ላይ ያለችውን ጭረት አትርሱ። «ፋደ» ትባላለች፣ አናባቢውን ታስረዝመዋለች። ማተሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ ይዘሏታል። ጭረቷ ካለች «ካከ» ኬክ ነው፣ ከሌለች የልጅ ዳይፐር ውስጥ ያለው ነገር ነው። «ብሪሽቸ» ያለ ጭረት የተሰበረ ነው፣ ከነጭረቷ ሱሪ ነው። የድሮውን የአይሪሽ የፊደል ቅርጽ ከወደዳችሁ ደግሞ የማላያዋን ፊደል፣ «ኤች»ን፣ በነጥብ ይተኩላችሁ፤ በፊት የሚጻፈው እንደዚያ ነበር። ነጥቡንም ፊደሉንም አንድ ላይ ካደረጉት ሁለቴ ከፈላችሁ ማለት ነው።

የፊት መስታወት ላይ አትለጥፉ፣ እይታ ይከልላል፤ ምርመራ ላይም ያስቆማችኋል። ታርጋውንም አትንኩ። የኋላ መስታወት ታችኛው ጥግ ይበቃል። አዲስ አበባ ሚኒባስ ላይ የቅዱስ ገብርኤልን ስም መስታወቱን ሙሉ ለማየት የለመደ ዓይን ትንሽ ይመስለዋል። እዚህ ትንሽ ነው የሚያምረው።

መኪናዋን የምትሸጡ ቀን ስቲከሩን በጥፍር አትፋቁት። ፀጉር ማድረቂያ አስጠጉና ሲሞቅ ከጥግ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት፣ የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጥረጉት። ገዢው ስሙን ከወደደው ተዉለት፣ አነባበቡን ብቻ አስጠኑት።